የእትዬ እናኑ ቋጠሮ

እትዬ እናኑ አድማሴ በስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው መንግሥትን አንድ ቀን ብቻ ነው እንቢ ያሉት። እሱንም ቢሆን እንቢታ ነው ብለው አይቀበሉም። «እኔ ጠየቅሁ እንጂ መች እንቢ አልሁ» ይላሉ፣ ያን ቀን ለብሰውት የነበረውን ነጠላ ጫፍ በጣታቸው እያሻሹ።

ከተማችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ የተሠራች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም፤ የዚህ ታሪክ ሰዎች ዛሬም ጠዋት ጠዋት እጅ ይነሣሣሉ። አስፋልቱ ለሁለት ይከፍላታል። ከላይ ሠፈሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ማዘጋጃ ቤቱ አሉ። ከታች ገበያው፣ መስጊዱ፣ ፍርድ ቤቱና የጋሽ ከድር ወፍጮ ቤት። ከላይ ያለ ሰው ዱቄት ካማረው አስፋልቱን መሻገር አለበት።

እትዬ እናኑ የሚኖሩት ከላይ፣ ከእናቴ ግቢ አጥር ለአጥር ነው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የሚተዳደሩት ዳልቻ በምትባል አንዲት አህያ ነው። የሠፈሩን እህል ወደ ወፍጮ ያወርዳሉ፣ ዱቄቱን ያወጣሉ። ጉልበት የከዳት አሮጊት ሁሉ፣ እናቴም ጭምር፣ እህሏን አበጥራ በር ላይ ታስቀምጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ዱቄት ሆኖ ታገኘዋለች። ማን ወሰደው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እንደ እሳቸው ትዕዛዝ የሚያከብር ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ለተፋሰስ ሥራ ጥሪ ሲደረግ ዶማቸውን ይዘው ከሊቀ መንበሩ ቀድመው ይደርሳሉ። በኮሮና ጊዜ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ ሲባል ራሳቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ ከአሮጌ ነጠላ ቀደው ለዳልቻም ሰፉላት። ጋሽ ከድር ወፍጮ ቤታቸው በር ላይ ቆመው፣ «ደግ አደረግሽ እናኑ፣ እኔስ የፈራሁት የእሷን ሳል ነበር» ብለው ገበያውን ሁሉ አሳቁ።

ከሁሉ በላይ ግን የሰንደቅ ዓላማው ነገር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤቱ መዝሙር ሲሰማ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ይህ የሁላችንም ልማድ ነው። እትዬ እናኑ ግን የተጫነች አህያ እየነዱ ዳገት መካከል ቢሆኑ እንኳ ይቆማሉ። ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ ዳልቻም ለመደች። መዝሙሩ ሲጀመር አራት እግሯን ተክላ፣ ጆሮዋን ቀስራ ትቆማለች። ሳያልቅ በዱላ ብትመታ፣ በገብስ ብትታለል ንቅንቅ የለም።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት፣ መንገዱ ገና እንደ ልብ በሚያስኬድበት ጊዜ፣ እናቴን ልጠይቅ ከባሕር ዳር መጣሁ። በየግቢው በርበሬ ተሰጥቶ አገሩ ቀይ ሆኖ ነበር። በማግስቱ ጠዋት እትዬ እናኑ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ።

«ና እስቲ አንተ አስተማሪው፣ አንድ ወረቀት ለጥፈዋል፤ ዓይኔ አላደርስ አለኝ።»

ወረቀቱ ከመብራት እንጨት ላይ ተለጥፏል። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ አህያ በአስፋልት ላይ መንዳትም ሆነ አስፋልት ማሻገር በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል። ተላልፋ የተገኘች አህያ ትወረሳለች። ምክንያቱ የከተማ ውበት ነበር፤ ከጎረቤት ከተሞች ጋር የውበት ውድድር ነበረና። ጭቃ የሚያዘንበው ገልባጭ መኪና አልተከለከለም። እንደ ልቡ የሚጠማዘዘው ባጃጅም አልተከለከለም። አህያ ብቻ።

አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «እሺ፣ ታዟል» አሉ።

እኔ ተናደድሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ የመንግሥት ውሳኔ ፍትሕ ሲጎድለው ዜጋ የመታዘዝ ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም በሚል ርእስ ሃያ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር። ጥሩ ውጤትም አግኝቼበታለሁ። ያን ሁሉ ገጽ በቃሌ አስታውሼ የሚረባ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳጣ፣ እትዬ እናኑ ዳልቻን እየጎተቱ ሄዱ።

ቅዳሜ መጣ። እትዬ እናኑ ዳልቻን ጭነው እስከ አስፋልቱ ጥግ ነዱና ከአንዲት ባሕር ዛፍ ላይ አሰሯት። ከዚያ ጭነቱን አውርደው፣ በጀርባቸው ተሸክመው፣ አስፋልቱን ተሻግረው ወፍጮ ቤት አደረሱ። ተመለሱ። እንደገና ተሸከሙ። ዳልቻ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆና ጭነቷን ሰው ተሸክሞ ሲሄድ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

ሦስተኛው ዙር ላይ ጋሽ ከድር ወፍጮውን አቁመው ወጡ።

«አንች እናኑ፣ አብደሻል? በታችኛው በኩል በድልድዩ ሥር አሳልፊያት። ማን ያይሻል?»

«ማንም ባያይ እኔ አያለሁ።»

«አንች ደግሞ ደንብ አስከባሪ ሆንሽ?»

«ሰርቄ አላውቅም ከድር። ወይ እታዘዛለሁ፣ ወይ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። በድልድይ ሥር መሹለክ የሌባ ነው።»

«ማንን ልትጠይቂ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔ የሰማሁት የአባቴን ነው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች።»

አባታቸው አድማሴ በዘመናቸው ስመ ጥር ሙግተኛ ነበሩ። ስለ አንዲት የውኃ ቦይ ከጭቃ ሹማቸው ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ የአንድ ቀን መንገድ ዳኛ ዘንድ ሄደዋል። መንገድ ላይ ርቧቸው ሁለቱም ከአንድ አገልግል በልተዋል ይባላል። ቁራኛ ማለት እንዲህ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይካካዱም እንዳይጠፋፉም በልብሳቸው ጫፍ ይተሳሰራሉ፣ ዳኛ ይፈታቸዋል። እትዬ እናኑ ይህን ታሪክ ከጡት ጋር ነው የጠጡት።

አሥራ አንደኛው ዙር ላይ ግን ነገር ተበላሸ። ዳልቻ ገመዷን በጥሳ፣ እመቤቷን ተከትላ አስፋልቱ መካከል ገባች። ሁለት ደንብ አስከባሪዎች ያዟት። አንዱ ከፊት እየጎተተ፣ አንዱ ከኋላ እየገፋ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ወሰዷት። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ በጨረታ እንደምትሸጥ በር ላይ ተለጠፈ።

እትዬ እናኑ እሑድንና ሰኞን ማዘጋጃ ቤቱን በሽማግሌ አስለመኑ፤ አልሆነም። ማክሰኞ ጠዋት ነጠላቸውን አጥበው፣ የእናቴን ሃያ ኪሎ ጤፍ በጀርባቸው አዝለው ወጡ። እናቴ «ተሸከምላት እንጂ፣ አንተ!» ብላ ጮኸችብኝ። እጄን ብዘረጋ መቱኝ።

«የተማርኸው ለምን ሆነ? አንተ ስማና ጻፍ፤ እህል እኔ እሸከማለሁ።»

እነሆ እየጻፍሁ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ የውበት ክፍል ኃላፊ አንዷለም የሚባል የማንኩሳ ገበሬ ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሰማያዊ ኮት ለብሶ ከጠረጴዛው ኋላ ተነሣላቸው። ክፉ ልጅ አልነበረም።

«እትዬ እናኑ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። አህያዬን ልወስድ ነው።»

«እሷ እንኳ ተወርሳለች። ውሳኔ ነው።»

«ማን ወሰነ?»

«ኮሚቴው።»

«እኔን የጠየቀኝ አለ?»

«እርስዎን? ምን ብሎ?»

«አህያዋ የማን ናት? የኮሚቴው?» አሉ እትዬ እናኑ። «እኔ አላሻገርኋትም። ታዟል ብዬ አስሬ፣ በዚህ ጀርባዬ ተሸከምሁ። በጥሳ ተከተለችኝ። ማስታወቂያ አታነብ፣ ምን ላድርጋት?»

አንዷለም ሳቁን ዋጠ። «መመሪያው ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚል የለማ። እኔም ፈጻሚ ነኝ። ከላይ የመጣ ነው።»

«ከላይ የሚመጣ ዝናብ ነው ልጄ። ሌላው ሁሉ የሰው ሥራ ነው።»

ሰዓቱን አየ። ስብሰባ አለብኝ ብሎ ይቅርታ ጠየቀና ወጣ። ግቢው በር ላይ ባጃጅ ቆማ ትጠብቀዋለች። አንድ እግሩን ባጃጇ ውስጥ እንዳስገባ እትዬ እናኑ ጤፉን መሬት ላይ አኑረው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጮኹ።

«በሕግ አምላክ!»

ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነው። ድሮ በዚህ አገር ደካማ ሴት ብትለው ጠመንጃ የያዘ ጎበዝ እርምጃውን ይገታ ነበር ይላሉ። አንዷለም ቢሄድ ማንም አይይዘውም። የባጃጇም ሞተር ተነሥቷል። እሱ ግን ቆመ። አንድ እግሩ ባጃጅ ውስጥ፣ አንድ እግሩ መሬት ላይ፣ እንደ ዳልቻ ንቅንቅ ሳይል ቆመ። እናቱ እንዲያ አድርጋ ነበር ያሳደገችው። ስሕተቱም፣ ስሕተት ከተባለ፣ ይኸው ነው።

እትዬ እናኑ ቀረቡና የነጠላቸውን ጫፍ በኮቱ የቁልፍ ቀዳዳ አሾልከው ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።

«ተቆራኝተናል። ዳኛ ፊት።»

«ኧረ እትዬ እናኑ! ይህ እኮ የቀረ ነገር ነው!»

የግቢው ጥበቃ አቶ ወልደ ገብርኤል፣ የድሮ ወታደር፣ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ለዚህች ቀን ሠላሳ ዓመት የጠበቁ ይመስላሉ።

«ከቀረ ፍታዋ! ግን ሕጉን ልንገርህ፤ ዳኛ ሳያይ የፈታ ተረታ!»

አንዷለም እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ። ዙሪያውን አየ። ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣው ሁሉ ከቦታል። እጁን መለሰ። የጎጃም ልጅ በሬውን ይሰጣል እንጂ ሳይሟገት ተረታ መባልን አይወድም።

«እሺ፣ ቶሎ እንሂድና እንመለስ» አለ።

«ቆይ፣ እህሉ አለ።»

«የምን እህል?»

«የጎረቤቴ አደራ ነው። ወፍጮ ቤቱ መንገዳችን ላይ ነው።» ጎንበስ አሉ። አንዷለምም አብሮ ጎንበስ አለ፤ ምን ያድርግ፣ ነጠላው አጭር ነው። ቀና ሲሉ ቀና አለ። ጉልበታቸው ከዳቸውና እንደገና ጎንበስ አሉ፤ እሱም እንደገና። የባጃጁ ሹፌር መሪውን አቅፎ በሳቅ ፈረሰ። በሦስተኛው አንዷለም «ወይ ፈጣሪዬ!» አለና ጤፉን ነጥቆ ትከሻው ላይ ጫነው።

አስፋልቱ ዳር ደረስን። ከቡሬ የሚመጡ የጭነት መኪኖች ተከታትለው ያልፋሉ። የኃላፊው ግንባር ላብ አውጥቷል።

«እዚህች ባሕር ዛፍ ላይ ነው የማስራት» አሉ እትዬ እናኑ። «ጉልበቴ የሚከዳኝ ደግሞ እዚያ መካከሉ ላይ፣ መኪና ሲያጣድፈኝ።»

አንዷለም መንገዱን ግራና ቀኝ አየ። መኪኖቹ ሲያልፉ እየተጎታተቱ ተሻገሩ። ማዶ ሲደርሱ ከረጢቱን ወደ ሌላው ትከሻ አዞረ።

«አንተ ስንት ጊዜ ተሻገርህ?»

«አንድ።»

«እኔ ቅዳሜ አሥራ አንድ።»

ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ በኋላ ርምጃቸው አንድ ሆነ።

ገበያው ግን በዝምታ አላሳለፋቸውም። ከተማችን ማክሰኞና ቅዳሜ ትገበያለችና ገጠሩ ሁሉ ወርዷል። መጀመሪያ ያየቻቸው በርበሬ ሻጯ ንግሥቴ ናት።

«እልልልል! እናኑ ባል አገባች!»

«ሙሽራው ጥሎሹን በትከሻው ተሸክሞ መጣ እኮ!» አለች ጎረቤቷ።

«እትዬ እናኑ፣ ሲመርጡ ደግሞ ኮት ለባሹን!»

እልልታው ከመደብ መደብ ተዛመተ። አንዷለም ፊቱ እንደ በርበሬው ቀላ። ከዚያ በድንገት፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ «ሚዜ ጠፋ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ገበያው በሳቅ ተናጋ። ሚዜ ነን የሚሉ ሃያ ሠላሳ ገበሬዎች ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው ተከተሉ።

ጋሽ ከድር በዱቄት ነጥተው በራቸው ላይ ቆመዋል። የመጣውን ሕዝብ አዩ፣ ቋጠሮውን አዩ፣ ኃላፊው ትከሻ ላይ ያለውን ጤፍ አዩ።

«አህያ ትወረሳለች አላችሁን፤ ለካ ቦታዋን ራስህ ልትይዝ ኖሯል!»

ሚዜዎቹ ሁሉ ወደ ኃላፊው ዞሩ። አንዷለም ከረጢቱን አወረደ፣ ትከሻውን አሻሸ፣ ጋሽ ከድርን ትኩር ብሎ አየ።

«ጋሽ ከድር፣ ገብስ ይጨመርልኝ» አለ።

ፍርድ ቤት ስንደርስ ችሎቱ ገና መጀመሩ ነበር። ዳኛዋ ሀኒ የምትባል ወጣት ናት፤ ከአዴት ተዛውራ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ሁለት ሰው ተቋጥሮ፣ ከኋላው ገበያ ተከትሎት ሲገባ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ይህ?»

«ቁራኛ ነን እመቤቴ» አሉ እትዬ እናኑ።

«ቁራኛ እኮ ከቀረ ስንት ዘመኑ!»

«እኛ ዘንድ ዛሬ ጠዋት ነበር።»

ዳኛዋ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን ለማፈን መሆኑን ሁላችንም አይተናል። ከዚያ ግን በደንብ ሰማቻቸው። እትዬ እናኑ ረዥም ንግግር አላደረጉም።

«ለመንግሥት ታዝዤ ነው የኖርሁ። ዶማ ያዙ ሲሉ ይዣለሁ፣ አፍሽን ሸፍኚ ሲሉ ሸፍኛለሁ። አሁንም ልታዘዝ አስሬ ነበር። ግን ትዕዛዝ ሰጪውም ከሕግ በታች ነው ብሎ ነው አባቴ ያሳደገኝ። አንድም ሰው አንች ምን ትያለሽ ሳይለኝ አህያዬ ሄደች። ስምንት ሰዓት ላይ ትሸጣለች። በፍርድ ከሆነ ትሸጥ፤ ቆሜ እሸኛታለሁ። ያለ ፍርድ ግን፣ ይኸው ሰውየውን ይዤ መጣሁ።»

ዳኛዋ ወደ አንዷለም ዞረች። «አህያዋ ከመወረሷ በፊት ባለቤቷ ተጠይቀዋል?»

ሰው ሁሉ አንዷለምን አየ። አልተጠየቁም ካለ ክፍሉ ይረታል፤ ተጠይቀዋል ካለ ይዋሻል። ቋጠሮውን አየ።

«አልተጠየቁም፣ የተከበሩ ዳኛ» አለ። ቀጠለ፤ «ዛሬ ሃያ ኪሎ ጤፍ ተሸክሜ አስፋልቱን ተሻግሬያለሁ። መመሪያውን ስናወጣ ከመካከላችን የተሸከመ አልነበረም።»

ዳኛዋ ጽፋ ጨረሰችና አነበበች። መመሪያው ይቆም አይቆም ዛሬ የሚወሰን አይደለም፤ አቤቱታው በጽሑፍ ይቅረብ፣ ለሁለት ሳምንት ተቀጥሯል። እስከዚያ ጨረታው ይታገድ፣ አህያዋ ለባለቤቷ ትመለስ።

«አስፋልቱስ እመቤቴ?»

«እስከ ቀጠሮው መመሪያው እንዳለ ነው። አያሻግሯትም።»

«እሺ፣ ታዟል» አሉ እትዬ እናኑ፤ አንዷለም ራሱ በመገረም ዞር ብሎ አያቸው።

የቀረው ቋጠሮው ነበር። አንዱም አልነካውም። ዳኛዋ ነገሩ ገባትና ከወንበሯ ወረደች። የጎጃም ሴት የቋጠረችው ነውና በቀላሉ አልፈታ አላት፤ ጥፍሯ እስኪያማት ታገለች። በመጨረሻ ሲላቀቅ፣ «እኔ ፈታሁ፣ እኔ ልረታ» አለች። እልልታው ያን ጊዜ ነው የችሎቱን ጣሪያ ያነሣው፤ ችሎት አስከባሪውም ጸጥታ ማለቱን ትቶ ያጨበጭብ ነበር።

በሁለቱ ሳምንታት እትዬ እናኑ ዳልቻን አንድም ጊዜ አላሻገሯትም። ግን ብቻቸውን አልተሸከሙም። በገበያ ቀን የገጠሩ ሰው እንደ አጨዳ ወንፈል ከባሕር ዛፉ እስከ ወፍጮ ቤቱ ተሰልፎ እህሉን እጅ በእጅ ያቀባብል ነበር። መኪኖች ቆመው ይጠብቃሉ። በሁለተኛው ቅዳሜ ከሰልፉ መካከል ኮቱን ያወለቀ አንድ ሰው ነበረበት፤ ጋሽ ከድር «ገብሱን በላ መሰለኝ፣ በረታ!» እያሉ ይለክፉታል። በቀጠሮው ቀን ክፍሉ ራሱ መመሪያውን እንዳሻሻለ ጽፎ ቀረበ። አህያ ባሕር ዛፉ አጠገብ በሚቀባው የእግረኛ ማቋረጫ ላይ፣ በባለቤቷ ተይዛ ታልፋለች። ነጭ ቀለሙን ሲቀቡ አንዷለም ቆሞ ያሠራ ነበር።

ያን ዕለት ያስፈጨነውን ጤፍ እናቴ አልጨረሰችውም፤ ካረፈች በኋላ ጥቂቱን በማድጋ ውስጥ አገኘሁት። አልደፋሁትም። አንዳንድ ጊዜ ክዳኑን ከፍቼ አሸተዋለሁ፣ የዚያ ማክሰኞ ገበያ ሳቅ ከውስጡ የሚወጣ ይመስለኛል። ሃያ ሁለት ገጼን ግን የት እንዳኖርሁት አላስታውስም።

ያን ጊዜ ወደ ባሕር ዳር የተመለስሁበት ጠዋትም ማክሰኞ ነበር። ሚኒባሳችን ማቋረጫው ላይ ስትደርስ እትዬ እናኑ ዳልቻን ጭነው መካከሉ ላይ ነበሩ። በዚያች ቅጽበት ከትምህርት ቤቱ መዝሙሩ ተሰማ። ዳልቻ አራት እግሯን ነጩ መስመር ላይ ተከለች፣ ጆሮዋን ቀሰረች። እትዬ እናኑም አጠገቧ ቀጥ አሉ። በዚህ በኩል ሚኒባሶች፣ በዚያ በኩል ወደ ቡሬ የሚሄዱ የጭነት መኪኖች ተደረደሩ። ከማዶ አንዷለም ከባጃጁ ወርዶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ዓይኑ ግን ይስቃል።

የኋላው ሹፌር አገሩን አያውቅ ይሆናል፣ ጥሩንባውን አንባረቀው።

እትዬ እናኑ አንገታቸውን ብቻ ዞር አደረጉ።

«ታገሥ ልጄ» አሉት። «ሕግ እያከበረች ነው።»